የአራተኛው ጉድጓድ ባንዲራ

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ሜዳ ዋልን። ሜዳ ከተባለ... ሣሩ ግማሹ አሯል፣ ግማሹ ጉልበት ይደርሳል። መካከለኛ የሚባል ነገር የለም። የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ነው፣ ከተማው ያስተዳድረዋል ይሉናል። እንኳን ሊያስተዳድረው መኖሩንም የረሳው ይመስለኛል።

ዛሬ አንድ ባልና ሚስት መጥተው ነበር። አዲስ ጫማ፣ አዲስ ጓንት፣ አዲስ ቦርሳ... አሳዘኑኝ። ሁለተኛው ጉድጓድ ጋ ሴትየዋ ቆም ብላ "ይቅርታ፣ ጉድጓዱ የት ነው?" አለችኝ። "ከጃንጥላው ሥር" አልኳት። የቀለድኩባት መስሏት ፊቷን አጠቆረችብኝ። ምን ላድርግ? እውነቴን ነው። ባንዲራዎቹ ከተሰረቁ ወዲህ ያገኘነውን ነው የምንተክለው። ሁለተኛው ላይ ጨርቁ ያለቀ ጃንጥላ፣ ስድስተኛው ላይ የአልጋ ብረት። ለአራተኛው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ጋሼና አብሮን የሚጫወተው መካኒክ የሠሩት የመጥረጊያ እንጨት፣ ጫፉ ላይ ከመኪና ሸራ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ያለው። ባልና ሚስቱ አምስተኛው ላይ ሳይደርሱ ተመለሱ። ሰውየው "ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው?" ሲል ሰማሁት። ልክ ነው። እኔም ብሆን እሄድ ነበር። የማልሄደው አባባ ሣር ሲያጭድበት፣ ፓምፕ ሲከፍትበት ያደግንበት ስለሆነ ነው። ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ካልሄደ እኔ የት እሄዳለሁ?

አራተኛው ላይ አንድ ነገር ሆነ። ነገር አይባልም ይሆናል።

የአራተኛው ምንጣፍ ቧንቧው ከፈነዳ ጀምሮ ውኃ ውስጥ ነው። (ጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን አጭር ሣር ነው ምንጣፍ የምንለው። አሁን ጆንያ ቢባል ይሻለው ነበር።) ስለዚህ አራተኛን የምንጫወተው ወደ አሥራ ሁለተኛው ምንጣፍ ነው፤ መጥረጊያውንም እዚያ ነው የተከልነው። አንድ ምንጣፍ ሁለት ሥራ ይሠራል። ከአራተኛ የመጣ ሰው ኮፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ከአሥራ ሁለተኛ የመጣው ቆሞ ያሳልፈዋል። የጠፋ ኳስ ደግሞ አይቆጠርም፤ ሌላ ታስቀምጣለህ፣ ትቀጥላለህ። ይሄ ደንብ የትም አልተጻፈም፣ ራሳችን ነን ያወጣነው። እንዲህ ስጽፈው እብደት ይመስላል። ይሄን ሁሉ ለማን ነው የማስረዳው ደግሞ?

ጋሼ ቆመ፣ አነጣጠረ፣ መታ። እንዴት ያማረ ምት! ቀጥ ብሎ ሄዶ... ውኃው መሐል ጥልቅ። መካኒኩ "ዓሣ አማረዎት እንዴ ጋሼ?" ብሎ ሳቀ። ጋሼ አልሳቀም። "አራተኛው እዚያ አይደለም እንዴ?" አለ።

ነው። አራተኛው እዚያ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 11

መነጽር ቤቴ ዋልኩ። ሥራ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የጋሼን የቅዳሜ ምት ቀልዶ ነው ብዬ ተውኩት። ጋሼ ሲቀልድ ፊቱ አይለወጥም፣ ድሮም እንዲሁ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ዘጠነኛው ላይ ጋሼ ኳሱን ፍለጋ ሣሩ ውስጥ ገባ። ጠበቅነው። አይመጣም። መካኒኩ "ሣሩ በላቸው" አለ። ተጣራን። ከኋላችን ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ እኔ ልፈልገው ሄድኩ።

ፓምፕ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በሩ ከተነቀለ ቆይቷል፣ ውስጡ ዝገትና የሸረሪት ድር ነው። የጋሼ ሱሪ እስከ ጉልበቱ ርሷል።

"ምን ትሠራለህ እዚህ?"

"ኳሴን እየፈለግሁ ነዋ።"

ኳሱ እጁ ላይ ነበር።

"እጅህ ላይ ነው እኮ ጋሼ።"

አየው። ገለበጠው። "ታዲያ አገኘሁት ማለት ነው" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እየተሳሳቅን ተመለስን። መንገድ ላይ ግን ሳቁ ለቀቀኝ... ለምን ፓምፕ ቤት? ኳሱ እዚያ ሊደርስ አይችልም። ግን በዚያ ሣር ውስጥ የገባ ሰው በየት እንደሚወጣ ማን ያውቃል? እኔ ራሴ ባለፈው ሰባተኛን ስፈልግ የመኪና ማቆሚያው ጋ ነው የወጣሁት።

ሰኞ፣ ጥር 18

አላስቻለኝም፣ የሜዳው ኃላፊ ጋ ሄድኩ። ሻይ እየጠጣ ነው።

"ሣሩ ይታጨድ እንጂ" አልኩት።

"ማጨጃው ተበላሽቷል።"

"ይጠገን።"

"ጠጋኙ ፈቃድ ላይ ነው።"

"መቼ ይመለሳል?"

"አይመለስም፣ ጡረታ ወጥቷል እኮ።"

ደሜ ፈላ። "ሣሩ ውስጥ ሰው እየጠፋ ነው" አልኩት። ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ከሥራ መልስ ጋሼ ቤት ጎራ አልኩ። እንደ ሁልጊዜው ተሳስቼ የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ። የዚያ መንደር በር ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው፣ የቤት ቁጥሮቹ ደግሞ ፀሐይ በልቷቸዋል። ጎረቤትየው ከፍተው ሳይጠይቁኝ "ቀጥሎ ነው" አሉኝ። ለምደዋል መሰለኝ።

እትዬ፣ የጋሼ ሚስት፣ ገና ከመግባቴ ያዘችኝ።

"ያ ሜዳችሁ ባሌን ጨረሰው። ባለፈው ቅዳሜ ሱሪው ጭቃ፣ ካልሲው ጭቃ... ጫማውን ብታዪው አንዱ የሱ አይደለም።"

"የማን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። ያንቺ ሜዳ አይደል?"

ጋሼ ከሳሎን "የመካኒኩ ነው፣ ተለዋውጠን ነው" አለ። የመካኒኩ እግር የጋሼን እጥፍ ያክላል።

ስወጣ በሩ ጋ "ቤት እንዴት ነው፣ ደህና ነው?" አልኳት። ቀስ ብዬ። ነጠላዋን አስተካከለች። "ቤትማ ደህና ነው" አለች። "ሜዳስ?" "ሜዳማ ደህና ነው" አልኩ። ተሳሳምን፣ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ዛሬ ጋሼ አራተኛው ላይ ወደ መጥረጊያው እንጨት መታ። እፎይ። ደስ ብሎኝ የኔን ኳስ አበላሸሁ።

ከዚያ አሥራ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። "እዚህማ ነበርን" አለ። "ይሄን ጨርሰናል። ቀዩ ጨርቅ ይኸው።" መካኒኩ "ጋሼ፣ አሁን አሥራ ሁለተኛ ሆኗል" አለው። "ጠዋት አራተኛ አልነበረም?" "ነበር።" "ታዲያ ማን ለወጠው?"

ቆመን ተያየን። ነገሩን በደንብ ካሰብኩት የኛ ነው የማይገባው፣ የሱ አይደለም። ግን በዚህ ምንጣፍ ዓመት ሙሉ ተጫውቷል። የኮፍያውን ደንብ ያወጣው ራሱ ነው... ግራ ገባኝ። አእምሮዬ እንደ ሜዳው ሆነ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ዓይኑ ነው! ለምን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም? የመነጽር ባለሙያ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ የወንድሜን ዓይን ሳላይ። ደወልኩለት፣ መጣ። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ መብራቱን አጠፋሁ።

ሁሉንም አነበበ። የመጨረሻዋን መስመር፣ እኔ በቃሌ ስለማውቃት ብቻ የማነባትን፣ እንደ ጋዜጣ ርዕስ አነበበልኝ። ግራውን ሸፈንኩ፣ ቀኙን ሸፈንኩ። ምንም። ሌንስ ቀየርኩ፣ ምንም።

"እንዴት ነው?" አለ።

"ዓይንህ ከኔ ይሻላል።"

"ታዲያ ምን ያስከፋሻል? ደንበኛ ጠፋብሽ እንዴ ሚጣ?"

ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ዛሬም ሚጣ ነኝ። ሳቅሁለት። ከሄደ በኋላ ግን ወንበሩ ላይ ራሴ ተቀመጥኩ። የሰው ዓይን ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ ሆዷ የሚባባ መነጽር ሠሪ... ምን ፈልጌ ነበር? ወፍራም ሌንስ ሰጥቼው ነገሩ እንዲያልቅ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ጋሼ በመኪናው ከሜዳ ሲመልሰኝ ድልድዩ ጋ ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባው ወደ ቀኝ ታጠፈ።

"በዚህ ነው እንዴ?"

"ያኛው ተቆፍሯል።"

ተቆፍሮ ነበር። ተደፍኗል፣ ጠዋትም በሱ ነው የመጣነው። ሄድን፣ ሄድን። አንድ የማናውቀው ፋብሪካ አጥር ሥር ደረስን። መኪናውን ዳር አስይዞ እጁን ከመሪው አነሳ። "ዛሬ ደግሞ አንቺ ምሪ። ሁልጊዜ እኔ ነኝ እንዴ የምመራው?" አለ። እየቀለደ ነው? ፊቱ አይለወጥም።

ጋሼ እኮ ቀያሽ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ ከተማ መንገድ ሲቀይስ የኖረ ሰው ነው። በየት ታጠፍ ልለው ሲገባኝ አፍሬ መስኮቱን ከፍቼ አላፊ አግዳሚ ጠየቅሁ።

ለእትዬ ልንገራት? ምን ብዬ? ቤት ደህና ነው ብላኛለች። ቤት ደህና የሆነ ሰው ሜዳ ላይ ብቻ ይታመማል? አይታመምም። ስለዚህ ሜዳው ነው። ሆድ ይፍጀው።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ወሬ ሳይሆን እውነት ነው። የሻዩ ኃላፊ ተነስቷል፤ አዲስ ኃላፊ፣ አዲስ ማጨጃ። ሜዳው ተዘግቶ እንደ ድሮው ሊሠራ ነው። ቧንቧው ይጠገናል፣ ውኃው ይመጠጣል፣ አራተኛው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ስንት ዓመት የጮህኩለት ነገር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ለጋሼ ሳልደውልለት ዋልኩ። ለምን ይሆን?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ሜዳ የለም። ጋሼ ቅዳሜን ሱቄ ተቀምጦ ዋለ። ፍሬሞቹን እያነሳ ይወለውላል። ለአንዲት ደንበኛ ክብ ፍሬም መረጠላት፣ አማረባት፣ ሳቀች። እንዲህ ነው እንጂ ወንድሜ።

"ሜዳው መቼ ነው የሚከፈተው?" አለኝ። "ከአንድ ወር ተኩል በኋላ።" ትንሽ ቆይቶ "ሜዳው መቼ ነው የሚከፈተው?" ነገርኩት። ሻይ መጣ። "ለመሆኑ ሜዳው..." ጓጉቶ ነው። የጓጓ ሰው ይደጋግማል። እኔስ ልጅ ሳለሁ አባባን በጥያቄ አሳብደው አልነበር?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17

ተከፈተ! ምን ብዬ ልጻፍ? ሣሩ ተስተካክሎ ተላጭቷል። ምንጣፎቹ እውነተኛ ምንጣፍ ሆነዋል። በየጉድጓዱ ቁጥር የተጻፈበት ቢጫ ባንዲራ ቆሟል። ጃንጥላው የለም፣ የአልጋው ብረት የለም፣ የኛ መጥረጊያም ተነቅሏል። እነዚያን ባልና ሚስት አሁን ባገኘኋቸው።

ደግሞ ጋሼ! ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ። እግሩ መንገዱን ያውቀዋል፣ ቀድሞን ይሄዳል። አራተኛው ላይ እኔ ቆሜ አነጣጥሬ መታሁ... ወደ አሥራ ሁለተኛው! ልማድ። መካኒኩም ማንም በሌለበት ኮፍያውን ከፍ አደረገ። ጋሼ ዱላውን ተደግፎ በሳቅ ሞተ።

"ሚጣ፣ ወዴት ነው የምትመቺው? አራተኛው እዚያ ነው" አለኝ።

ልቤ ተከፈተ። ከጥር ጀምሮ ውስጤን የበላኝ ነገር ይሄው ነበር ለካ። የጠፋነው እኛ ነን፣ እሱ አይደለም። አራተኛውን አሥራ ሁለተኛ አድርገን፣ መጥረጊያ ባንዲራ አድርገን፣ ያልተደናገረውን ሰው ተደናገረ አልን። ሁላችንንም አሸነፈን። መካኒኩ "እጅ ሰጥቻለሁ" ብሎ ጎንበስ አለለት። መኪና ማቆሚያው ጋ ሳንደርስ አቀፍኩት። "ምን ሆነሻል?" አለኝ። "ምንም። ሣሩ ደስ ብሎኝ ነው።"

እሑድ፣ ሚያዝያ 18

እትዬ ጋ ደወልኩ። "ትናንት ብታዪው፣ አንበሳ ነበር" አልኳት። "እውነት?" አለች። ድምፅዋ ተሰበረብኝ። ደስ ብሏት ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24

ይሄን ልጻፈው።

ጨዋታው ጥሩ ነበር። እንደ ባለፈው ባይሆንም ጥሩ ነበር። ጨርሰን ዕቃችንን መኪና ላይ ስንጭን ጋሼ የለም። ዞር አልኩ። ድሮ ቢሆን ሣሩ ውስጥ ነው ብዬ እጣራ ነበር። አሁን ሣሩ ታጭዷል። ከዚያች ከቆምኩባት ቦታ ሜዳው ሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱም ታየኝ። ፓምፕ ቤቱ ጋ።

ፓምፕ ቤቱ ታድሷል፤ አዲስ የብረት በር፣ ትልቅ ቁልፍ። ጋሼ በሩን ያንኳኳል። ቀስ ብሎ፣ በጣቱ አጥንት፣ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚያንኳኳ። ስደርስ ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቀልድ ፈለግሁ። በጣም ፈለግሁ።

"አባባ ቆልፎ ሄደ" አለኝ። "ቁልፉን ካንቺ ጋ ነው የተወው?"

አባባ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሬሳ ሳጥኑን ፊት የያዘው ጋሼ ነው።

"ጋሼ..."

"ጠብቁኝ ብሎን ነበር እኮ። ፓምፑን ዘግቼ እመጣለሁ ብሎ።" እንዲህ ሲል ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሱ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ስወለድ እሱ ትልቅ ልጅ ነበር።

"ቁልፉ ቤት ነው" አልኩት። "እንግዲያ ቤት እንሂድ" አለና እጄን ያዘ። መኪናውን እኔ ነዳሁ። ለምን እንደምነዳ አልጠየቀኝም።

ያኔ በጥር፣ ሱሪው ርሶ... ያኔም አባባን እየጠበቀ ነበር? አጠገቡ ቆሜ ስስቅ?

እሑድ፣ ሚያዝያ 25

እትዬ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ተኝቷል። ወጥ ቤት ገብተን ብርጭቆ ማጠብ ያዝን። ያልቆሸሸ ብርጭቆ።

ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቧንቧውን ዘጋችና እጇን ለረጅም ጊዜ አደረቀች።

"ሜዳ ላይ ደህና ነው ብለሽኝ ነበር" አለች።

"አንቺም ቤት ደህና ነው ብለሽኝ ነበር።"

"ቅዳሜን እንዴት እንደምጠብቅ ብታውቂ። ቅዳሜ ካንቺ ጋ ነው፣ ኳስ ይመታል፣ ይቆጥራል፣ መኪና ይነዳል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይታመምም እያልኩ ሳምንቱን እገፋዋለሁ።"

እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ እሷ ጋ ደህና ስለሆነ ቅዳሜ የሚያደርገው ሁሉ የሜዳው ጥፋት ነው እል ነበር። አንዳችን በሌላችን ተደብቀን። ወይ ጉድ።

ከዚያ እሷም ዘረገፈችው። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ያለ ዳቦ ይመለሳል። ሰኞ ቀን "የት ነበርክ?" ስትለው "ሜዳ" ይላታል። የባሰው ደግሞ በሩ ነው። ከውጭ ሲመጣ የገዛ በሩን አልፎ ይሄዳል። አንዱን ያንኳኳል፣ ሌላውን ያንኳኳል። ጎረቤቶቹ ክንዱን ይዘው ያመጡታል። እኒያ ጎረቤት ሳልጠይቃቸው "ቀጥሎ ነው" ያሉኝ ለዚህ ነው ለካ። እኔም እንደሱ በሩ የጠፋብኝ መስያቸው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ከነገርኩሽማ እውነት ይሆናል።"

ተቃቅፈን አለቀስን። ጋሼ ነቅቶ መጣና በሩ ላይ ቆሞ "ማን ሞተ?" አለ። "ማንም" አልነው አንድ ላይ። "ታዲያ ሻይ አፍሉ" አለና ተመለሰ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

ሐኪም ቤት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ቀኑን ጠየቀችው፣ ወሩን ጠየቀችው። እያንዳንዱን ጥያቄ ሲሰማ ቀድሞ ወደኔ ያያል። እኔ ደግሞ ከንፈሬ ሳላዝዘው ሊያሾልክለት ይንቀሳቀሳል። ፈተና አዳራሽ ውስጥ የተያዝን ተማሪዎች መሰልን።

የመርሳት በሽታ ነው። ገና መጀመሪያው ላይ ነው አለች። መድኃኒቱ ያዘገየዋል፣ አይመልሰውም። አንዳንድ ቀን ጥርት ይልለታል፣ አንዳንድ ቀን ይጨልምበታል። የቆየው ትዝታ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው እንደ ድሮው የተሠራው ሜዳ እንዲያ የቀናው። ብቻውን አይውጣ፣ መኪና አይንዳ።

"ጎልፍስ ዶክተር?" አለ ጋሼ።

"ይጫወቱ። ብቻ ሰው አብሮዎት ይሁን።"

"ሰውማ አለኝ።"

ኮሪደሩ ላይ መውጫው ጠፋብኝ። እሱ ነው ክንዴን ይዞ ያስወጣኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

የመኪናውን ቁልፍ እትዬ ወሰደችበት። አኩርፏል። ስልክ አያነሳም። መብቱ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

መካኒኩ ጋራዥ ሄድኩ። ሞተር ሥር ተኝቷል፣ እግሩ ብቻ ይታያል። እዚያው ተኝቶ እንዳለ ነገርኩት። እየተጎተተ ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ገብቶኝ ነበር" አለ። "ልክ አላውቅም፣ ግን አንድ ነገር እንዳለ ገብቶኝ ነበር። ጋሼ ኳሳቸውን የት እንደመቱ ሲጠፋባቸው እኔ ሌላ ኳስ እግራቸው አጠገብ እጥላለሁ። 'ይኸው ጋሼ' እላለሁ። ኪሴን ሙሉ ኳስ ይዤ ነበር እኮ የምመጣው።"

"ለምን ዝም አልክ?"

"አንቺ ዝም ስትዪ የማታውቂ መሰለኝ። ልጎዳሽ አልፈለግሁም።"

በዚያ ሜዳ ሁሉም ሰው ኳስ ይጠፋበታል፣ ሁሉም ሰው ሌላ ያስቀምጣል። ማን ልብ ይላል? ልቆጣው ብፈልግ አልቻልኩም።

ልወጣ ስል ጥግ ላይ ከጎማዎቹ ኋላ አየሁት። የመጥረጊያው እንጨት፣ ቀዩ ጨርቅ እንዳለ። ሠራተኞቹ ሲጥሉት አንስቶ አምጥቶታል።

"ምን ያደርግልሃል?"

"ከጋሼ ጋር ነው የሠራነው። እንዴት ይጣላል?"

ስጠኝ አልኩት። ለምን እንደሆነ ስነግረው ራሱ መዶሻውን ይዞ ተነሳ። "ዛሬ ተዪው" አለ ደግሞ፣ "ጨርቁን ላድሰው።"

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

ኩርፊያው ለቀቀው፣ ሜዳ ዋልን። ሦስታችን። እኔ ከጎኑ አልራቅሁም። አራተኛው ላይ አሳመረው። ዘጠነኛው ላይ ዱላውን ይዞ ቆሞ "ሚጣ፣ አሁን ምንድን ነው የማደርገው?" አለኝ። እንዲህ በግልጽ ጠይቆኝ አያውቅም። "ወደ ቢጫው ምታ" አልኩት። መታ። ሳልጠየቅ መቆየቴ ነበር ለካ የከበደኝ፤ ሲጠይቅ ቀለለኝ።

ፓምፕ ቤቱ ጋ ስንደርስ አላንኳኳም። አለፍነው።

እሑድ፣ ግንቦት 23

ዛሬ ተከልነው። መካኒኩ አዲስ ሸራ አልብሶታል፣ ቀይ ነው፣ ዓይን ይወጋል። በጋሼ በር አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ጠጠር ሞልተን፣ መጥረጊያውን ቀጥ አድርገን አቆምነው። ከግራጫ በሮች ሁሉ መሐል አሁን አንዱ ብቻ ቀይ ጨርቅ ይውለበለብበታል። ጎረቤትየው ወጥተው አዩ፣ ምንም ሳይሉ የውኃ ባልዲ አምጥተው አፈሩን አጠጡልን።

ጋሼን ምን እንደምለው ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት። ሜዳው አዲስ ባንዲራ ስላወጣ አላስፈለጋቸውም እለዋለሁ። መታሰቢያ ነው እለዋለሁ። ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፣ አንድ ሁለት።

ከእትዬ ጋር ከዳቦ ቤት ተመለሱ። ጋሼ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። ባንዲራውን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔን አየኝ። ዛሬ ጥርት ካሉለት ቀኖች አንዱ ነው፣ ፊቱ ላይ አስታወቀ። መንገዱን ተሻግሮ መጣና እንጨቱን ጨበጠው፣ ነቅነቅ አደረገው፣ ቀያሽ ችካሉን እንደሚፈትሽ።

"ለኔ ነው የተከላችሁት?" አለ።

መካኒኩ አጎነበሰ። እትዬ ዳቦውን ደረቷ ላይ ያዘች። ያዘጋጀሁት ውሸት ሁሉ ጠፋብኝ።

"አዎ ጋሼ።"

ወደ መንገዱ ማዶ ዞሮ አየ። መለስ ብሎ ጨርቁን አየ።

"ከፍ አድርጊው ሚጣ" አለ። "ከዚያ ማዶ ዛፉ ይጋርደዋል።"